ከዕቅድ በፊት ሰውን መምረጥ፡ የሥራ ሐሳብ ሳይኖራቸው ጀማሪ ሥራ ፈጣሪዎችን የሚደግፉ ተቋማት አሠራር

አንድ ወጣት የራሱን ሥራ ለመጀመር ገንዘብ ፈልጎ ወደ ባንክ፣ ወደ አነስተኛ የገንዘብ ተቋም ወይም ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሄድ በቅድሚያ የሚጠየቀው የሥራ ዕቅድ ነው። ምን እንደሚያመርት ወይም ምን አገልግሎት እንደሚሰጥ፣ ለማን እንደሚሸጥ፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያስፈልገውና መቼ እንደሚመልስ በጽሑፍ እንዲያቀርብ ይደረጋል። ዕቅድ የሌለው አመልካች ጉዳዩ ለውይይት እንኳ አይቀርብም።

ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ግን ከዚህ በተለየ መንገድ የሚሠሩ ተቋማት በልዩ ልዩ አገሮች ተቋቁመዋል። እነዚህ ተቋማት ከአመልካቹ የሥራ ዕቅድ አይጠይቁም። የሚመርጡት ሰውን ነው። የመረጡትን ሰው ለተወሰኑ ወራት የመተዳደሪያ አበል ይሰጡታል፣ አብሮት ኩባንያ የሚመሠርት አጋር እንዲያገኝ ያመቻቹለታል፣ የሥራ ሐሳብ እንዲያፈልቅ ይረዱታል። በመጨረሻም ሐሳቡ ተስፋ የሚጣልበት ሆኖ ሲገኝ ከኩባንያው ድርሻ ወስደው የመነሻ ካፒታል ያቀርባሉ።

አሠራሩ በሥራ ፈጠራ፣ በወጣቶች ጉዳይ፣ በቴክኖሎጂና በኢንቨስትመንት ዘርፎች የተሰማሩ የመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎች በየጊዜው በጥናትና በፕሮጀክት ሰነዶች ላይ የሚያጋጥማቸው በመሆኑ፣ ምንነቱን፣ አመጣጡን፣ ውጤቱንና ድክመቱን ማወቁ ጠቃሚ ነው። ይህ ጽሑፍም ይህንኑ በአጭሩ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው።

የስያሜዎቹ ትርጉም

በዘርፉ የሚጠቀሱት ስያሜዎች አንዳንድ ጊዜ እየተቀላቀሉ ይነገራሉ። ኢንኩቤተር ወይም ማቀፊያ ማዕከል የሚባለው ለጀማሪ ኩባንያዎች የሥራ ቦታ፣ የቢሮ ዕቃና ምክር የሚሰጥ ሲሆን የቆይታው ጊዜ ብዙውን ጊዜ በጥብቅ አይወሰንም። አክሰለሬተር ወይም ማፋጠኛ የሚባለው ደግሞ ኩባንያዎችን በዙር ተቀብሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወር ገደማ በሚፈጅ መርሐ ግብር አሠልጥኖና አነስተኛ ገንዘብ ሰጥቶ፣ በምላሹ ከኩባንያው ድርሻ የሚወስድ ነው። መርሐ ግብሩ የሚጠናቀቀውም ኩባንያዎቹ ራሳቸውን ለባለሀብቶች በሚያስተዋውቁበት ቀን ነው።

የዚህ ጽሑፍ ርዕሰ ጉዳይ የሆኑት ተቋማት ከማፋጠኛዎቹ አንድ እርምጃ ቀድመው የሚጀምሩ ናቸው። መደበኛው ማፋጠኛ የተቋቋመ ቡድንና የታወቀ ሐሳብ ሲቀበል፣ እነዚህኞቹ ግን ቡድኑም ሐሳቡም ገና ባልተፈጠረበት ጊዜ ግለሰቡን ይቀበላሉ። በዚህም ምክንያት አንዳንዶቹ ራሳቸውን “በሰው ችሎታ ላይ ገንዘብ የሚያውሉ” ሲሉ ይገልጻሉ።

የአሠራሩ አመጣጥ

የዘመናዊ ማፋጠኛዎች ታሪክ የሚጀምረው ዋይ ኮምቢኔተር ከተባለው ተቋም ነው። ተቋሙን ፖል ግራሃም፣ ጄሲካ ሊቪንግስተን፣ ሮበርት ሞሪስና ትሬቨር ብላክዌል እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኬምብሪጅ ከተማ መሠረቱት። በዚያው ዓመት ክረምት የመጀመሪያዎቹን ስምንት ቡድኖች ተቀብሎ ለእያንዳንዱ መስራች 6 ሺህ ዶላር ገደማ በመስጠት ሥራውን ጀመረ።

ከሐሳብ ይልቅ ሰውን የመምረጥ ልማድ በዚህ የመጀመሪያ ዙር ላይ ታይቷል። ስቲቭ ሃፍማንና አሌክሲስ ኦሃኒያን የተባሉ ሁለት የቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያመለከቱት ምግብን በሞባይል ስልክ ለማዘዝ የሚያስችል አገልግሎት ለመሥራት ነበር። ሐሳቡ ተቀባይነት አላገኘም። ሆኖም መራጮቹ ወጣቶቹን ወደዋቸው ስለነበር መልሰው ደወሉላቸውና ሐሳባቸውን የሚለውጡ ከሆነ እንደሚቀበሏቸው ነገሯቸው። ወጣቶቹም ተስማምተው ሬዲት የተባለውን ድረ ገጽ ሠሩ። ሬዲት እ.ኤ.አ. በ2006 ኮንዴ ናስት ለተባለው የመጽሔት አሳታሚ ድርጅት የተሸጠ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ደግሞ አክሲዮኑ በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ለሽያጭ ቀርቧል። በወረቀት ላይ ያለው ሐሳብ ብቻ ቢመዘን ኖሮ ሁለቱ ወጣቶች በዚያ ዙር አይገቡም ነበር።

ለሰው ቅድሚያ የሚሰጠው አመለካከት በሌሎች መልኮችም ታይቷል። ባለሀብቱ ፒተር ቲል እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ያደረጉት የነፃ ድጋፍ መርሐ ግብር ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን አቁመው በራሳቸው ሥራ ላይ እንዲያተኩሩ ለሁለት ዓመት የሚሆን 100 ሺህ ዶላር ይሰጥ ነበር። በዚህ መርሐ ግብር ድርሻ አይወሰድም። ዓላማው ወጣቱ ጊዜ እንዲያገኝ ማድረግ ነው።

ግለሰቦችን የሚመርጠው የለንደኑ ተቋም

አሠራሩን በተሟላ ሁኔታ ካደራጁት ተቋማት በግንባር ቀደምነት የሚጠቀሰው ኢንተርፕረነር ፈርስት ነው። ተቋሙን እ.ኤ.አ. በ2011 በለንደን የመሠረቱት ማት ክሊፎርድና አሊስ ቤንቲንክ ሲሆኑ፣ ሁለቱም ቀደም ሲል ማኪንዚ በተባለው የአማካሪ ድርጅት ባልደረቦች ነበሩ። መነሻቸው ቀላል ጥያቄ ነበር። ጎበዝ ወጣቶች ከዩኒቨርሲቲ ሲመረቁ ወደ ባንክ፣ ወደ አማካሪ ድርጅትና ወደ ሕግ ቢሮ የሚወስድ የታወቀ መንገድ አላቸው። ኩባንያ መመሥረት ለሚፈልግ ግን እንዲህ ያለ የተዘረጋ መንገድ የለም። ስለዚህም አብሮ የሚሠራ ሰውና ሐሳብ እስኪያገኝ ድረስ ፍላጎቱ ይቀዘቅዛል።

ተቋሙ ይህን መንገድ ለመዘርጋት በመጀመሪያ ለትርፍ ያልቆመ ሆኖ ከድርጅቶች በሚያገኘው ድጋፍ ሥራ ጀመረ። ቆይቶም ከባለሀብቶች ገንዘብ እያሰባሰበ በኩባንያዎች ላይ ኢንቨስት ወደማድረግ ተሸጋገረ። ከለንደን ውጭም በሲንጋፖር፣ በፓሪስ፣ በባንጋሎርና በሌሎች ከተሞች መርሐ ግብሮችን ከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የሊንክድኢን መስራች ሪድ ሆፍማን የሚሠሩበት ግሬይሎክ የተባለው የቬንቸር ካፒታል ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የስትራይፕ መስራቾች የሆኑት ፓትሪክና ጆን ኮሊሰን ጭምር ገንዘባቸውን በተቋሙ ላይ አውለዋል።

ከተቋሙ ከወጡት ኩባንያዎች ሁለቱ በአብዛኛው በምሳሌነት ይነሳሉ። አንደኛው ማጂክ ፖኒ ቴክኖሎጂ ነው። የቪዲዮ ምስሎችን ጥራት በኮምፒዩተር ለማሻሻል የሚያስችል ቴክኖሎጂ የሠራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 ትዊተር ገዝቶታል። በወቅቱ እንደተዘገበው የግዢው ዋጋ 150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር።

ሁለተኛው ትራክታብል ነው። ዋና መስራቾቹ አሌክስ ዳልያክና ራዝቫን ራንካ የተገናኙት በዚሁ መርሐ ግብር ሲሆን ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ2014 መሠረቱ። ሥራቸው የተነሳው ኮምፒዩተር ምስልን አይቶ እንዲለይ ከሚያስችለው የዕውቀት ዘርፍ ነበር። የኩባንያው የመጀመሪያ ሙከራ በፕላስቲክ ቧንቧዎች መጋጠሚያ ላይ ያለውን የብየዳ ጥራት በፎቶግራፍ መመርመር ነበር። የኋላ ኋላ ግን ያንኑ ዕውቀት የተጋጩ መኪናዎችን ጉዳት ከፎቶግራፍ ገምቶ ለመድን ድርጅቶች ለማቅረብ አዋሉት። እ.ኤ.አ. በ2021 የኩባንያው ግምት አንድ ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። የሥራ ሐሳቡ ቢለወጥም የሰዎቹ ዕውቀት ግን አልተለወጠም። የአሠራሩ ደጋፊዎች ዋና መከራከሪያም ይኸው ነው።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

በእነዚህ ተቋማት ውስጥ ያለው ሂደት በአራት ደረጃዎች ሊከፈል ይችላል።

የመጀመሪያው ምርጫ ነው። አመልካቹ የሥራ ዕቅድ ባያቀርብም ባዶ እጁን አይቀርብም። ጠያቂዎቹ ማወቅ የሚፈልጉት ሰውየው ከሌሎች የበለጠ የሚያውቀው ነገር ምን እንደሆነ ነው። ይህ የቴክኒክ ዕውቀት ሊሆን ይችላል፤ በአንድ የሥራ ዘርፍ ለዓመታት በመሥራት የተገኘ የገበያ ዕውቀትም ሊሆን ይችላል። ከዚህ በተጨማሪ አመልካቹ ማንም ሳያዘው በራሱ ተነሳሽነት ጀምሮ ከዳር ያደረሰው ሥራ መኖር አለመኖሩ ይጠየቃል።

ሁለተኛው አጋር ማግኘት ነው። በአንድ ዙር የገቡት ሰዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው መሥራት ይጀምራሉ። አብሮ መሥራቱ ካልተስማማቸው በፍጥነት ተለያይተው ከሌላ ሰው ጋር እንዲሞክሩ ይበረታታሉ። መለያየት እንደ ጥፋት አይቆጠርም። በተለመደው አሠራር መስራቾች የሚመርጡት ከጓደኛ፣ ከዘመድ ወይም ከሥራ ባልደረባ መካከል በመሆኑ፣ አለመግባባቱ የሚታወቀው ኩባንያው ከተመዘገበና ገንዘብ ከወጣ በኋላ ነው። እዚህ ግን አለመግባባቱ ብዙ ወጪ ሳያስከትል ቀድሞ እንዲታይ ይደረጋል።

ሦስተኛው ሐሳቡን መፈተን ነው። ጥንዶቹ ካላቸው ዕውቀት ተነስተው አንድ ችግር ይመርጣሉ። ከዚያም ቢሮ ተቀምጠው ሰነድ ከመጻፍ ይልቅ ችግሩ አለበት ከሚሉት ደንበኛ ዘንድ ሄደው ያነጋግራሉ። በየሳምንቱም ምን እንደተማሩ ለአማካሪዎቻቸው ያስረዳሉ።

አራተኛው ውሳኔ ነው። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ጥንዶቹ በኢንቨስትመንት ኮሚቴ ፊት ይቀርባሉ። ኮሚቴው ከተቀበላቸው ኩባንያው ይመሠረታል፣ ገንዘቡም ይለቀቃል። ካልተቀበላቸው አበሉ ይቆማል። ወደ መርሐ ግብሩ ከሚገቡት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ እዚህ ደረጃ ላይ ሳይደርሱ ወይም ደርሰው ሳያልፉ ይቀራሉ። ይህም የአሠራሩ አካል ተደርጎ ከመጀመሪያው የሚነገራቸው ነው።

የገንዘቡ ስሌት

ገንዘቡ ብድር ስላልሆነ ኩባንያው ቢከስር መስራቾቹ የሚመልሱት ዕዳ የለባቸውም። ተቋሙ የሚያገኘው ጥቅም ከድርሻው ነው። ኢንተርፕረነር ፈርስት በለንደን ለተወሰኑ ዓመታት ይሠራበት በነበረው ስምምነት ለአንድ ኩባንያ 80 ሺህ ፓውንድ ሰጥቶ የ10 በመቶ ድርሻ ይወስድ ነበር።

ስሌቱ ምን እንደሚመስል በምናባዊ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በአንድ ዙር 60 ሰዎች ገቡ እንበል። ለእያንዳንዳቸው በወር 2 ሺህ ዶላር ለሦስት ወር ቢከፈል አበሉ 360 ሺህ ዶላር ይሆናል። ከእነዚህ ውስጥ 10 ኩባንያዎች ተመሥርተው እያንዳንዳቸው 80 ሺህ ዶላር ቢያገኙ ተጨማሪ 800 ሺህ ዶላር ይወጣል። የሠራተኛ ደመወዝና የቢሮ ወጪ ሳይታሰብ ድምሩ 1 ሚሊዮን 160 ሺህ ዶላር ነው። ከአሥሩ ኩባንያዎች ዘጠኙ ቢከስሩና አንዱ በ100 ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥ፣ የተቋሙ የ10 በመቶ ድርሻ በኋላ በገቡት ባለሀብቶች ምክንያት ወደ 6 በመቶ ዝቅ ብሎ እንኳ 6 ሚሊዮን ዶላር ያስገኛል። አንዱ ኩባንያ የተሸጠው በ5 ሚሊዮን ዶላር ቢሆን ግን ተቋሙ የሚያገኘው 300 ሺህ ዶላር ብቻ ነው፤ ይህም የአበሉን ወጪ እንኳ አይሸፍንም።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ነገሮች ይታያሉ። አንደኛ፣ አሠራሩ ሕልውናው የተመሠረተው እጅግ በሚያድጉ ጥቂት ኩባንያዎች ላይ ነው። መካከለኛ ስኬት ያላቸው ብዙ ድርጅቶች ለአካባቢያቸው ጠቃሚ ቢሆኑም ተቋሙን አያኖሩትም። ሁለተኛ፣ ትርፉ የሚታየው ከብዙ ዓመታት በኋላ በመሆኑ በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ ሊለካ አይችልም።

ያልተሳካው ሙከራና የሚሰጠው ትምህርት

አሠራሩ ሁልጊዜ ተሳክቷል ማለት አይቻልም። ዋይ ኮምቢኔተር እ.ኤ.አ. በ2012 ምንም ሐሳብ የሌላቸው ቡድኖችም ማመልከት እንደሚችሉ ይፋ አድርጎ ነበር። ሙከራው ግን ውጤት አላመጣም። በኋላ የተቋሙ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሳም አልትማን እ.ኤ.አ. በ2014 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በሰጡት ትምህርት፣ ሐሳብ ሳይኖራቸው የተደገፉት ቡድኖች በሙሉ መውደቃቸውን ገልጸዋል። በእሳቸው አመለካከት ከምክንያቶቹ አንዱ ጥሩ መስራቾች አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ሐሳቦች ያሏቸው መሆናቸው ነው። አንድም ሐሳብ የሌለው ቡድን ይህን ባሕርይ ሳያጎድል አይቀርም።

ታዲያ አንዱ ዘንድ የወደቀው አሠራር ሌላው ዘንድ እንዴት ውጤት ሊያመጣ ቻለ? ሁለቱን በማነጻጸር ልዩነቶቹን መለየት ይቻላል። ዋይ ኮምቢኔተር የተቀበለው አስቀድመው የተዋቀሩ ቡድኖችን ነበር። መርሐ ግብሩም የተዘጋጀው ሐሳብ ላላቸው ኩባንያዎች በመሆኑ አዲሶቹ ገቢዎች ሐሳብ የሚፈልጉበት የተለየ ጊዜና ሥርዓት አልነበራቸውም። ኢንተርፕረነር ፈርስት በበኩሉ ግለሰቦችን ተቀብሎ ጥንዶቹ እንዲፈርሱና እንደገና እንዲዋቀሩ ያደርጋል፤ ሐሳቡም ከሰውየው ዕውቀት እንዲነሳ ይጠይቃል፤ ያልሆነለትንም በጊዜ ያሰናብታል። “ሐሳብ የሌለው” የሚለው አነጋገር በዚህ ተቋም ያለው ትርጉም ዕውቀት ያለው፣ ነገር ግን ዕውቀቱን በምን ሥራ ላይ እንደሚያውለው ገና ያልወሰነ ሰው ማለት ነው። በሁለቱም ተቋማት ወጣቶቹ ገንዘብ አግኝተዋል። የውጤቱን ልዩነት ያመጣው በገንዘቡ ዙሪያ ያለው ሥርዓት ይመስላል።

በአፍሪካ ያለው ልምድ

በአፍሪካ በዚህ ረገድ ቀደምት ከሆኑት መካከል በጋና ርዕሰ ከተማ አክራ የሚገኘው ሜስት የተባለው ተቋም ይገኝበታል። ተቋሙን እ.ኤ.አ. በ2008 የመሠረቱት ሜልትዎተር የተባለው የመረጃ ኩባንያ መስራች ኖርዌያዊው ዮርን ሊሴገን ናቸው። ሜስት በመጀመሪያ ከጋና፣ በኋላም ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የዩኒቨርሲቲ ምሩቃንን መርጦ ሙሉ ወጪያቸውን እየሸፈነ በሶፍትዌር ሥራ፣ በንግድና በተግባቦት ዘርፎች ለአንድ ዓመት ያህል ያሠለጥናል። ሠልጣኞቹ ቡድን መሥርተው የሥራ ሐሳባቸውን በሥልጠናው ጊዜ ያዳብራሉ። በመጨረሻም ለተቋሙ አቅርበው የተመረጡት የመነሻ ካፒታል ያገኛሉ።

የአክራውን ተቋም ከለንደኑ የሚለየው የጊዜው ርዝመት ነው። ለንደን ውስጥ ለዓመታት በቴክኖሎጂ ድርጅቶችና በምርምር ተቋማት የሠሩ ሰዎችን ማግኘት ስለሚቻል ሦስት ወር ሊበቃ ይችላል። ልምድ ያለው ሰው እንደልብ በማይገኝበት ቦታ ግን ተቋሙ ሰውን መምረጥ ብቻ ሳይሆን ማሠልጠንም ይኖርበታል። ይህ ደግሞ ወጪውን ይጨምራል፤ የሜስትን ሥልጠና ለረጅም ጊዜ የሸፈነውም ከበጎ አድራጎት ፋውንዴሽን የተገኘ ገንዘብ ነው።

በሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ2017 የተመሠረተው አንትለር የተባለው ተቋምም ግለሰቦችን ከሐሳብ በፊት የሚቀበል ሲሆን፣ በአፍሪካ በናይሮቢ መርሐ ግብር ከፍቷል።

የመንግሥት ገንዘብ ሲሆን

እስካሁን የተጠቀሱት ተቋማት በግል ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ ናቸው። መንግሥት ጀማሪ ኩባንያዎችን በቀጥታ ከደገፈባቸው መርሐ ግብሮች መካከል በሰፊው የተጠናው ስታርት አፕ ቺሌ ነው። የቺሌ መንግሥት ኮርፎ በተባለው የልማት ድርጅቱ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው ይህ መርሐ ግብር ከልዩ ልዩ አገሮች ወደ ሳንቲያጎ ለሚመጡ ሥራ ፈጣሪዎች 40 ሺህ ዶላር ገደማ ያለድርሻ ይሰጥ ነበር። መርሐ ግብሩ ሐሳብ ያላቸውን የሚቀበል ቢሆንም ውጤቱ ለዚህ ጉዳይ ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል።

ሁዋኒታ ጎንዛሌዝ ኡሪቤና ማይክል ሌዘርቢ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ገንዘብና የሥራ ቦታ ብቻ ማግኘት በኩባንያዎቹ ዕድገት ላይ ጉልህ ለውጥ ማምጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። ከገንዘቡና ከቦታው ጋር የቅርብ ክትትልና የሥራ ፈጠራ ትምህርት ያገኙት ኩባንያዎች ግን ከሌሎቹ በተሻለ ሁኔታ ካፒታል ማሰባሰብና ማደግ ችለዋል።

በእንግሊዝ ደግሞ ሰውን የማስቀደሙ አመለካከት ወደ መንግሥት የምርምር በጀትም ዘልቋል። መንግሥት አሪያ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀውን የላቀ ምርምርና ፈጠራ ኤጀንሲ ሲያቋቁም፣ የኢንተርፕረነር ፈርስት መስራች ማት ክሊፎርድ እ.ኤ.አ. በ2022 ሊቀ መንበር ሆነው ተሹመዋል። ኤጀንሲው የምርምር ፕሮግራም ዳይሬክተሮችን መርጦ በጀቱን በምን ላይ እንደሚያውሉ ሰፊ የመወሰን ሥልጣን ይሰጣል።

በአሠራሩ ላይ የሚነሱ ቅሬታዎች

የመጀመሪያው ቅሬታ ፍትሐዊነትን የሚመለከት ነው። ዕቅድ ሲመዘን መመዘኛው በወረቀት ላይ ይገኛል። ሰው ሲመዘን ግን መራጩ ራሱን የሚመስለውን፣ በእሱ ቋንቋና አነጋገር የሚናገረውን፣ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ የተማረውን ወደመምረጥ ሊያዘነብል ይችላል። ከክፍለ ሀገር የመጣ፣ ዝምተኛ፣ ነገር ግን ሥራ አዋቂ የሆነ ሰው በአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ላይታይ ይችላል።

ሁለተኛው የኑሮ ጉዳይ ነው። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ቋሚ ሥራውን ለቆ ለሦስት ወር አበል መግባት ይከብደዋል። በዚህም ምክንያት ዕድሉ ኃላፊነት ለሌለባቸው ወይም ደጋፊ ላላቸው ወጣቶች ያደላል።

ሦስተኛው የድርሻው መጠን ነው። በመጀመሪያው ቀን የሚወሰድ የ10 በመቶ ድርሻ ኩባንያው ሲያድግ ለተገኘው ገንዘብ የተከፈለ ውድ ዋጋ ሆኖ ይታያል። አራተኛው ደግሞ በጥድፊያ የተመሠረተ ጋብቻ የሚመስለው የመስራቾች ጥምረት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ጥምረት ኃይል ቢሆንም፣ ለሦስት ወር ብቻ የሚተዋወቁ ሰዎች በችግር ጊዜ መጽናታቸው አጠራጣሪ ነው ሲሉ የሚተቹ አሉ።

ለአገራችን መሥሪያ ቤቶች የሚሰጠው ትምህርት

በኢትዮጵያ የሁለቱ አስተሳሰቦች ክፍሎች በተናጠል ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የተቋቋመውና የኋላ ኋላ ወደ ኢንስቲትዩት ያደገው የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል የሚሰጠው ኤምፕሬቴክ የተባለ ሥልጠና የሚነሳው ከሰው ባሕርይ ነው። በተባበሩት መንግሥታት አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1988 በአርጀንቲና የተጀመረው ይህ ሥልጠና ሠልጣኙ ዕድልን የመፈለግ፣ የመጽናት፣ ቃልን የማክበርና የመሳሰሉትን ባሕርያት እንዲያዳብር ያደርጋል። በሌላ በኩል በ2009 ዓ.ም በአዋጅ የተቋቋመው የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተደራጅተው የሥራ ዕቅድ ለሚያቀርቡ ወጣቶች በብድር የሚሰጥ ነበር። የመጀመሪያው ሰውን ያሠለጥናል እንጂ ገንዘብ አይሰጥም። ሁለተኛው ገንዘብ የሚሰጠው በዕቅድ ላይ ተመሥርቶ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተገለጹት ተቋማት ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኛሉ።

ይህ ሲባል ግን አሠራሩ እንዳለ ይወሰድ ማለት አይደለም። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ትልቁ ፈተና ተጠያቂነት ነው። ኦዲተር መጥቶ ክፍያው በምን መነሻ እንደተፈጸመ ሲጠይቅ የሥራ ዕቅድ ማስረጃ ይሆናል። “ሰውየው ጎበዝ ስለሆነ ነው” የሚለው መልስ ግን ማስረጃ አይሆንም። በመሆኑም እንዲህ ያለ መርሐ ግብር ሲቀርብ ሊጠየቁ የሚገባቸው ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

በመጀመሪያ፣ መራጮቹ እነማን ናቸው? ኩባንያ መሥርተው የሚያውቁ ሰዎች በመራጭነት ካልተካተቱ ሰውን የመለየቱ ሥራ ወደ ትምህርት ማስረጃ ቆጠራ ይመለሳል። እያንዳንዱ መራጭ ውጤቱን ለየብቻው በጽሑፍ እንዲያሰፍር ማድረግ ለኦዲትም ለፍትሐዊነትም ይረዳል።

ሁለተኛ፣ ማቆሚያው የት ነው? አበሉ የሚያበቃበት ቀንና የሚወስነው ኮሚቴ አስቀድሞ ካልታወቀ መርሐ ግብሩ የማያልቅ የድጎማ ክፍያ ይሆናል። ከአሥር አመልካች ሰባቱን ማሰናበት እንደ ሥራ ድክመት በሚቆጠርበት መሥሪያ ቤት አሠራሩ ሊተገበር አይችልም።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ብድር ነው ወይስ ድርሻ? ሐሳብ ለሌለው ሰው ብድር መስጠት ወጣቱን ባለዕዳ፣ ተቋሙንም ገንዘብ አስመላሽ ያደርጋል። ድርሻ የሚወሰድ ከሆነ ደግሞ ድርሻውን ማን ይይዛል፣ ማንስ ይሸጠዋል የሚለው በሕግ መመለስ አለበት።

አራተኛ፣ ውጤቱ በምን ይለካል? ዓላማው በአጭር ጊዜ ለብዙ ሰው የሥራ ዕድል መፍጠር ከሆነ አሠራሩ ተስማሚ አይደለም፤ ከላይ የቀረበው ስሌት እንደሚያሳየው ጥቂቶች ብቻ ናቸው የሚያድጉት። ዓላማው ተግባራዊ ዕውቀት ያላቸውን ሰዎች ወደ ኩባንያ ምሥረታ ማምጣት ከሆነ ግን ሊታሰብበት የሚችል መንገድ ነው። ሁለቱን ዓላማዎች በአንድ ሰነድ ማቀላቀል ሁለቱንም ያበላሻል።

አምስተኛ፣ የማይመረጡት ምን ይሆናሉ? ሥራውን ለቆ የገባ መሐንዲስ ወይም የሒሳብ ባለሙያ ከሦስት ወር በኋላ ሲሰናበት ወደ ቀድሞ ሥራው የሚመለስበት መንገድ ካልታሰበ፣ በሚቀጥለው ዙር የሚያመለክቱት ሌላ አማራጭ የሌላቸው ብቻ ይሆናሉ። ለመንግሥት ሠራተኞች ያለደመወዝ ፈቃድ መስጠትን የመሰለ ቀላል እርምጃ በዚህ ረገድ ከብዙ ገንዘብ የበለጠ ሊረዳ ይችላል።

በአጠቃላይ ከ2005 ጀምሮ የታየው ልምድ እንደሚያስረዳው ሐሳብ ሳይኖር ሰውን መደገፍ የሚቻል ነው። የሚቻለው ግን ሰውየው ከዚያ በፊት ያካበተው ዕውቀት ሲኖር፣ አጋር የሚያገኝበት ሥርዓት ሲዘረጋና ያልሆነለት በጊዜ የሚሰናበትበት ቀን ሲቆረጥ ነው። ከእነዚህ ሦስቱ አንዱ ከጎደለ የሚቀረው የአበል ክፍያ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ማንኛውም መሥሪያ ቤት የበጀቱን መጠን ከመወሰኑ በፊት እነዚህን ሦስት ጉዳዮች በሰነዱ ውስጥ ማረጋገጥ ይኖርበታል።